ሴክሬታሪያት የተሸነፈባቸው ቀናት

(ኮምቦልቻ ላይ ለጋሪ ነጂዎች፣ ለእንስሳት ጤና ተማሪዎችና ለፈረስ ወዳጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

እንዴት ዋላችሁ! ከደሴ ሐረጎን ወርዳችሁ የመጣችሁ፣ ፈረሳችሁን ደጅ ጥላ ሥር አስራችሁ የገባችሁ፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ አሜሪካዊ ፈረስ ነው። ስሙ ሴክሬታሪያት ይባላል። ስለዚህ ፈረስ የሚያወራ ሰው ብዙውን ጊዜ ከድሉ ነው የሚጀምረው። እኔ ከሽንፈቱ ልጀምር። በሕይወቱ 21 ጊዜ ተወዳደረ፣ 16ቱን አሸነፈ። የኔ ጉዳይ የቀሩት አምስቱ ናቸው። ለምን መሰላችሁ? ፈረስ አሞኛል አይልም። ኮርቻ ከጫናችሁበት ይወጣል፣ ጋሪ ላይ ከጠመዳችሁት ይጎትታል። የሆነ ነገር እንደጎደለ የምናውቀው ሲደክም፣ ሲያመነታ፣ ወደ ኋላ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ ደግሞ አብዛኞቻችን እጃችን የሚሄደው ወደ አለንጋው ነው።

ወሎ ለፈረስ እንግዳ አይደለም። አድዋ ላይ የራስ ሚካኤል ፈረሰኛ ምን እንደሠራ እዚህ ላለ ሰው አልነግርም። ወደ ደጋው ብትወጡ ዛሬም ያለ ፈረስ ሠርግ አይደምቅም። እዚህ ኮምቦልቻ ደግሞ ፈረስ እንጀራ ነው፤ ባጃጁ ከመጣ ወዲህ ሥራው ቢቀንስም ሲሚንቶውን፣ ጤፉን፣ የውሃ ጀሪካኑን የሚያደርሰው ገና እሱ ነው። ስለዚህ የሩቅ አገር የሩጫ ፈረስ ታሪክ ለኛ ምን ይሠራል የምትሉ ካላችሁ፣ ትንሽ ታገሡኝ።

ሴክሬታሪያት የተወለደው መጋቢት 21 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው የምናገረው። ቦታው ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ሜዶው የሚባል እርሻ ነው። ዘሩ ቶሮብሬድ ነው፤ እንግሊዞች ከምሥራቅ ባስመጧቸው ድንጉላዎችና በራሳቸው ባዝራዎች ለሩጫ ብለው ያወጡት ዘር። አባቱ ቦልድ ሩለር፣ እናቱ ሰምቲንግሮያል ይባላሉ። መልኩ ዳማ ነው፣ የሚያበራ ቀይ። ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፣ ሦስት እግሮቹም ከታች ነጭ ናቸው።

ባለቤቱ ፔኒ ቼነሪ የምትባል ሴት ነች። አባቷ ሲታመም የከሰረ ግቢ ተረክባ፣ ሽጪው እያሏት አልሸጥም ያለች ሴት። ፈረሱን ያገኘችው በሳንቲም ዕጣ ነው፤ ያውም ተሸንፋ። ከሌላ ትልቅ ፈረስ አርቢ ጋር በነበራቸው ውል መሠረት፣ በሳንቲም ያሸነፈ አስቀድሞ ይመርጣል። ያሸነፈው ሰውዬ አንዲት ሴት ውርንጭላ መረጠ። እሷ አድጋ አንድም ውድድር አላሸነፈችም። ለፔኒ ገና በእናቱ ሆድ ውስጥ የነበረው ውርንጭላ ቀረላት።

አሰልጣኙ ሉሲየን ሎሪን፣ ጋላቢው ሮን ተርኮት፣ ሁለቱም ካናዳውያን ናቸው። ተርኮት ከሩጫ ሜዳ በፊት የሚያውቀው ጫካ ውስጥ ግንድ የሚጎትት ፈረስ ነው፤ የናንተን ዓይነት የሥራ ፈረስ ማለቴ ነው። ፈረሱን ቀን ከሌት የሚይዘው ደግሞ ኤዲ ስዌት ነው። ጥቁር አሜሪካዊ፣ ከደቡብ ካሮላይና የመጣ የድሃ ገበሬ ልጅ። ያበላል፣ ያጥባል፣ እግሩን ያሻል፣ ሲያስፈልግ አጠገቡ ያድራል። ጋዜጣ ላይ ስሙ ብዙ አይነሳም ነበር። እኔ ግን ስለ ሴክሬታሪያት ባወራሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣብኝ እሱ ነው። ዛሬ ኬንታኪ ውስጥ ባለው የፈረሱ ሐውልት ላይ ጋላቢው ከላይ ተቀምጧል፣ ስዌት ደግሞ ከፊት ሆኖ ፈረሱን ይዞታል። ይገባዋል።

እንግዲህ ወደ ሽንፈቶቹ።

የመጀመሪያው የመጀመሪያ ቀኑ ነው፤ ሰኔ 27 ቀን 1964፣ ኒውዮርክ። ገና በሩ ሲከፈት ሌላ ፈረስ ከጎኑ መጥቶ ገጨው። ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ተነስቶ ሮጦ አራተኛ ወጣ። በሕይወቱ ከሦስተኛ በታች የወጣው ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለተኛው ሽንፈት የዳኛ ነው፤ በ1965 መጸው ላይ አንደኛ ገብቶ፣ በመንገድ ላይ ሌላውን ፈረስ ተጋፍተሃል ተብሎ ወደ ሁለተኛ ዝቅ ተደረገ። እነዚህ ሁለቱ ብዙም አያስተምሩንም። የሁለት ዓመት ፈረስ ሆኖ የአሜሪካ የዓመቱ ፈረስ ተብሎ ተመረጠ፤ በዚያ ዕድሜ ይህን ክብር ማግኘት ብርቅ ነው።

ሦስተኛው ነው ዋናው። እዚህ ላይ ረጋ እንበል።

በ1965 ታኅሣሥ ላይ የፔኒ አባት ሞቱ። የውርስ ግብር መጣ፣ ገንዘብ የለም። ስለዚህ ፈረሱ ወደፊት ለዘር የሚውልበት መብት በ32 ድርሻ ተከፋፍሎ ተሸጠ፤ አንዱ ድርሻ 190 ሺህ ዶላር፣ ድምሩ 6 ሚሊዮን 80 ሺህ ዶላር። በጊዜው ለሩጫ ፈረስ እንዲህ ያለ ዋጋ ተሰምቶ አያውቅም። ፈረሱ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፣ ትልልቆቹን ውድድሮች አልሮጠም። እስቲ አስቡት፣ 32 ባለድርሻ ዓይኑን ተክሎ ሲጠብቅ አሰልጣኙ ላይ ያለውን ጭንቀት።

ሚያዝያ 13 ቀን ዉድ ሜሞሪያል የሚባል ውድድር ነበረ። ከትልቁ ከኬንታኪ ደርቢ በፊት የመጨረሻው መለማመጃ ነው። እዚያ አገር በዚያ ዘመን ፈረስ ከመሮጡ በፊት ሐኪም ማንነቱን ያረጋግጥ ነበር፤ መለያ ቁጥሩ የሚነቀሰው በላይኛው ከንፈር ውስጥ ነበርና ከንፈሩን ገልብጦ ያይ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ሐኪሙ ከንፈሩን ሲገልብ ውስጡ መግል የቋጠረ እብጠት አገኘ። ትንሽ ናት። ግን ልጓም በሚያልፍበት አፍ ውስጥ ናት። ለአሰልጣኙ ተነገረው። ጋላቢው ግን ምንም ሳያውቅ ወጣ።

ተርኮት ቀደም ሲል በልምምድ ላይ ዛቡን ሲስብ ፈረሱ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ሲወረውር አይቷል። ለምን እንደሆነ አልገባውም። በውድድሩ ላይም እንደዚያው ሆነ፤ ፈረሱ ልጓሙን ነክሶ አልይዝ አለ፣ ተርኮት ሂድ ሲለው የሚመልስለት ነገር የለም። ሦስተኛ ወጣ። ያሸነፈው አንግል ላይት የሚባል ፈረስ ነው፤ እሱንም የሚያሰለጥነው ያው ሎሪን ነው። ሁለተኛው ሻም።

በማግስቱ አገሩ ሁሉ ምን አለ መሰላችሁ? ዘሩ ነው አለ። የቦልድ ሩለር ልጆች አጭር ርቀት እንጂ ረጅም አይችሉም፣ ይኸው ታየ፣ ያ ሁሉ ሚሊዮን ውሃ በላው አሉ። ስለ ዘሩ ብዙ ተጻፈ፣ ስለ አፉ ግን የተጠየቀ የለም።

ይህን ነገር እኛም ሰፈር በየቀኑ እሰማዋለሁ። «ይሄ ፈረስ እልከኛ ነው።» «ይሄ ተንኮለኛ ነው፣ አውቆ ነው የሚቆመው።» «ዘሩ ሰነፍ ነው።» ፈረሱ ጭንቅላቱን ሲወረውር ዛቡ ጠበቅ ይደረጋል፣ አሁንም ሲወረውር ይገረፋል። እስቲ አንድ ቀን ፈረሳችሁ እንዲህ ሲያደርግ ውረዱና አጠገቡ ቁሙ። በግራ እጃችሁ አፍንጫው ላይ ያለውን ማሰሪያ ያዙ፣ በቀኝ አውራ ጣታችሁ የላይኛውን ከንፈር ቀስ አድርጋችሁ ገልብጡ። ድዱን እዩ። ቀጥሎ የከንፈሩን ሁለት ጥግ፣ ልጓሙ የሚያርፍበትን። እዚያ ቆዳው የተላጠ፣ የቀላ፣ ወይ ጠቁሮ የደረቀ ከሆነ ነገሩ እልክ አይደለም። በጎን በኩል ጥርስ በሌለበት ክፍተት ጣት አስገቡና ምላሱን ዳስሱ። እኔ የማያቸው አንዳንድ ልጓሞች ከፌሮ ብረት ቁራጭ ታጥፈው የተሠሩ ናቸው፤ ጫፋቸው ሻካራ ነው፣ ዝገት አላቸው። በጣታችሁ ጥግ ጥጉን ስትዳስሱት እናንተኑ ይቧጭራችኋል። እሱን ብረት ቀኑን ሙሉ የሚነክሰው ፈረሱ ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። የሴክሬታሪያት እብጠት ዳነ። በ14ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 27፣ የኬንታኪ ደርቢ ደረሰ። እኛ የአርበኞችን ቀን ስናከብር ማለት ነው። ርቀቱ 2 ሺህ ሜትር አካባቢ ነው። በበሩ ሲወጣ ከመጨረሻዎቹ ነበረ። ከዚያ የሆነውን በቁጥር ልንገራችሁ። ርቀቱን አምስት ቦታ ክፈሉት፣ እያንዳንዱ 400 ሜትር ገደማ። የመጀመሪያውን በ25.2 ሴኮንድ ሮጠ። ሁለተኛውን በ24። ሦስተኛውን በ23.8። አራተኛውን በ23.4። የመጨረሻውን በ23።

ልብ አላችሁ? እየሮጠ በሄደ ቁጥር ፈጠነ። ፈረስም ሰውም መጨረሻ ላይ ይደክማል፤ የሚያሸንፈው ብዙውን ጊዜ ከሌላው ያነሰ የደከመው ነው። ይሄኛው ጭራሽ አልደከመም። 1 ደቂቃ ከ59.4 ሴኮንድ ገባ፣ ያ ሰዓት እስከ ዛሬ አልተሰበረም። ሁሉም የሚያደንቀው ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ቤልሞንትን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው እላለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት «ዘሩ አይችልም» የተባለው እኮ ይሄው ፈረስ ነው። ዘሩም ያው፣ ፈረሱም ያው። የተለወጠው አፉ ነው።

ስለ ሻም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሻም በደርቢው በር ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ጥርሶቹ ወለቁ። እየደማ ሮጦ ሁለተኛ ወጣ፣ እሱም ከሁለት ደቂቃ በታች ገባ ነው የሚባለው። በሌላ በማንኛውም ዓመት ቢወለድ ኖሮ ስሙን ሁላችንም እናውቀው ነበር። ሻም ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው ትልቅ ውድድር ፕሪክነስ ግንቦት 11 ነበር። ሴክሬታሪያት ከመጨረሻ ተነስቶ በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሁሉንም አልፎ ሄደ። ሻም አሁንም ሁለተኛ። የሰዓቱ መሣሪያ ስለተሳሳተ ብዙ ክርክር ተነሳ፤ ከ39 ዓመት በኋላ ቪዲዮው እንደገና ተመርምሮ 1 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ መሆኑ ጸደቀ፣ የዚያም ውድድር ክብረ ወሰን የእሱ ሆነ።

ቀጥሎ ቤልሞንት። ሰኔ 2 ቀን 1965። ያ ዓመት ወሎ ላይ ምን ዓመት እንደነበር እዚህ የተቀመጣችሁ አባቶችና እናቶች ታውቁታላችሁ። ከብቱ ያለቀበት፣ ሰው መንገድ ዳር የወደቀበት ዓመት ነው። ያን ቀን እዚህ ስለ ፈረስ ሩጫ የሚያስብ ሰው አልነበረም፤ ይህን ወሎ ቆሜ እየተናገርኩ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈልግም።

ኒውዮርክ ላይ ወደ 70 ሺህ ሰው ተሰብስቧል። ሦስቱን ትልልቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት ያሸነፈ ፈረስ ከታየ 25 ዓመት ሆኖታል። ርቀቱ 2,400 ሜትር ነው፣ ከሦስቱ ረጅሙ። የቀረቡት ፈረሶች አምስት ብቻ ናቸው። በሩ እንደተከፈተ ሴክሬታሪያትና ሻም ጎን ለጎን ሆነው ተፈተለኩ። ሌሎቹ ወዲያው ቀሩ። ሁለቱ የመጀመሪያውን 1,200 ሜትር በ1 ደቂቃ ከ9.8 ሴኮንድ ጨረሱት፤ እሱ የአጭር ርቀት ፍጥነት ነው፣ ገና ግማሽ መንገድ ቀርቷል። የሚያውቁ ሰዎች ደነገጡ፣ ተርኮት ፈረሱን ሊገድለው ነው አሉ። ከዚያ ሻም ደከመና ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ፣ መጨረሻ ላይም ከአምስቱ አምስተኛ ሆኖ ገባ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ተወዳድሮ አያውቅም። ሴክሬታሪያት ግን በዚያው ፍጥነት ቀጠለ። ብቻውን። መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ካሜራው እሱንና ተከታዩን በአንድ ላይ ለማሳየት ወደ ኋላ እየሸሸ ይሄዳል፣ ክፍተቱ ግን እየሰፋ ነው። ተርኮት አለንጋ አላነሳም። መግቢያው አካባቢ ሲደርስ ወደ ግራ ዞር ብሎ ሰዓቱን አየ፤ የሚወዳደረው ከሰዓቱ ጋር ብቻ ስለሆነ። ያቺ ቅጽበት ፎቶ ላይ አለች።

2 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ። በ31 የፈረስ ርዝመት ነው ያሸነፈው፣ 75 ሜትር ገደማ ማለት ነው። አማካይ ፍጥነቱን ስታሰሉት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይመጣል፣ ሰው ተሸክሞ፣ በአፈር ላይ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፎታል፣ እስካሁን የደረሰበት የለም። በዚያ ቀን ካሸነፉት የሁለት ዶላር ትኬቶች 5,617ቱን ባለቤቶቻቸው ገንዘባቸውን አልወሰዱባቸውም። ለማስታወሻ አስቀሩዋቸው።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ አላቆምም፣ ሁለት ሽንፈት ይቀራሉ።

ሐምሌ 28 ቀን ሳራቶጋ ላይ ኦኒየን የሚባል ማንም ያልጠበቀው ፈረስ አሸነፈው። ሴክሬታሪያት ያን ሰሞን ቫይረስ ይዞት ቀለል ያለ ትኩሳት ነበረው። ሕዝቡ ግን ሊያየው ከየቦታው መጥቷል፣ ውድድሩ ታውጇል፣ ስለዚህ ሮጠ። በኔ እምነት መሮጥ አልነበረበትም። ሰሞኑን አርፎ ሲያገግም፣ መስከረም 5 ላይ ማርልቦሮ ካፕ በሚባል ውድድር የራሱን የግቢ ጓደኛ ሪቫ ሪጅን ጨምሮ ምርጥ ምርጦቹን አሸንፎ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ተሸነፈ፤ ሊሮጥ የነበረው ሪቫ ሪጅ ነው፣ ዝናብ ዘንቦ ሜዳው ሲጨቀይ በእሱ ምትክ ሴክሬታሪያትን አስገቡት። ለዚያ ውድድር አልተዘጋጀም ነበር። ያሸነፈው ፕሩቭ አውት ይባላል። ኦኒየንንም ፕሩቭ አውትንም ያሰለጠነው አንድ ሰው ነው፣ አለን ጀርከንስ። ጎበዝ ሰው ነው፤ ያ ትልቅ ፈረስ መቼ እንደማይሞላለት ጠብቆ የገባ።

አያችሁ አይደል፣ አምስቱንም ቀናት ፈረሱ ሰንፎ አልተሸነፈም። አንዱ ግጭት ነው፣ አንዱ ዳኛ ነው። የቀሩት ሦስቱ እብጠት፣ ትኩሳት፣ ያለዝግጅት መጫን ናቸው። ሦስቱም ሰው አይቶ ሊያስቀራቸው የሚችል ናቸው። ያውም ሚሊዮን የወጣበት፣ ሐኪም ያለው ፈረስ ላይ ነው የሆነው።

የመጨረሻ ውድድሩ ጥቅምት 18 ቀን 1966 ካናዳ ውስጥ ነው። ተርኮት ታግዶ ስለነበር ሌላ ጋላቢ ተቀመጠበት፤ በብርዱና በዝናቡ ውስጥ ትንፋሹ እየጨሰ ስድስት ተኩል ርዝመት መርቶ ገባ። በሩጫ ያገኘው ሽልማት ተደምሮ 1,316,808 ዶላር ነው። ከዚያ ኬንታኪ ክሌይቦርን እርሻ ሄደ። ይዞት የሄደው ኤዲ ስዌት ነው።

የሞተው መስከረም 24 ቀን 1982፣ በ19 ዓመቱ። የገደለው የሰኮና በሽታ ነው፤ የሰኮናውን ግድግዳ ከውስጡ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ሥጋ ይቆጣና ይላቀቃል። ሕመሙ ከባድ ነው። እንዲያርፍ ወሰኑለት። የመረመረው ሐኪም ልቡን ሲያይ ከተለመደው የፈረስ ልብ በእጥፍ ይበልጣል አለ፣ በግምት 10 ኪሎ። አልተመዘነም፣ ግምት ነው። ግን ጤነኛ ልብ ነበር፣ ትልቅ ብቻ።

ንግግሩን ስጨርስ ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አነሱ። ዕድሜ ልካቸውን ጋሪ ሲነዱ የኖሩ ናቸው።

«ልጄ፣ ያወራኸው ደግ ነው። ያ ፈረስ ግን ሐኪም አለው፣ አሳዳሪ አለው። የኔ ፈረስ አንድ ቀን ካረፈ ቤቴ እንጀራ የለም። ምን አድርግ ትለኛለህ?»

ጥያቄው እውነት ነው፣ ዝም ብዬ አሳርፉት ብል ማንም አይሰማኝም። ያልኳቸው ይህን ነው። አባቴ፣ እብጠቱን ያገኘው ሰው ያደረገው ከንፈር መግለብ ነው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጠዋት ከመጥመድዎ በፊት ይዩት። የአፉ ጥግ ከቆሰለ ያን ሰሞን ልጓሙን ያውጡለትና በአፍንጫው ላይ በሚያልፍ ሰፊ ጠፍር ይንዱት፤ የለመደ ፈረስ ለዘብ ባለ እጅ በዚያ ይታዘዛል፣ ግን መጀመሪያ ሰው በሌለበት ሜዳ ይሞክሩት። ቁስሉን ለብ ባለ ጨው ውሃ ይጠቡለት። ጭነቱን ግማሽ ያድርጉት፣ ሁለት ጊዜ ይመላለሱ። መግል ካለው ወይም ገብሱን ትቶ ከቆመ ግን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት፤ ቆይቶ ከሚመጣው ወጪ ያን ቀን የሚቀረው ገቢ ይሻላል። ልጓሙን ደግሞ አንጥረኛ ጋ ወስደው ጫፉን ያስሞርዱት። ብዙ ብር አይጠይቅም።

ተማሪዎቹ ስለ ሰኮናው በሽታ ጠየቁ። አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ፈረስ ማሰሪያ በጥሶ እህል ከረጢት ላይ ካደረ፣ ጠዋት ደህና ቢመስልም ዝም አትበሉ። ሰኮናው ከሞቀ፣ የፊት እግሮቹን ወደፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ካሳረፈ፣ መራመድ ካልፈለገ፣ አታስኪዱት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጥሩ። ረጅሙን መልስ በሚቀጥለው ስብሰባ ፈረስ አቁመን፣ ሰኮና እያነሳን እናየዋለን። ፈረሳችሁን ይዛችሁ ኑ።